አብሽሩ፣ ወፏ አለች፦ «የወሎ የመጨረሻዋ ወፍ» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የወሎ የመጨረሻዋ ወፍ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከረመ። ወፍ ማየት እንደምወድ የሚያውቅ ሁሉ «አየኸው?» እያለ ላከልኝ። አክስቴማ «ውይ የኔ ምስኪን፣ አለቀች እኮ!» ብላ በድምፅ አዘነችላት። አልፈርድባትም። የጽሑፉ አማርኛ ያምራል፤ አንብቦ ሆዱ የማይባባ ሰው የለም። ግን ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ስህተት ናቸው። ስህተቱ ደግሞ ጉዳት አለው፤ ልንጠብቀው ከሚገባን ነገር ዓይናችንን ያነሳብናል።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልሸራርፍ ላስቀምጥ። ነገሩ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው። መላ አካሏ ጥቁር ነው፤ ጀርባዋ ላይ ብቻ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጣ ያለ ቀለም አለ። ቁመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሳይንስ ስሟ ሜላኒፓረስ ሉኮኖተስ ይባላል፤ እኔ እዚህ «ነጭ ጀርባዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ። እንደ ጸሐፊው አባባል ይህች ወፍ በዓለም ላይ ያለችው በወሎ ተራሮች ብቻ ነው። የአገሪቱ ደን ከ40 በመቶ ወደ 3 በመቶ ስለወረደ መኖሪያዋ አልቋል። እሳቸው ራሳቸው የጎፍ የሚባለው የወሎ ደን ድረስ ሄደው አንድም አላገኙም። የዝርያዎች የመጥፋት አደጋ የሚመዘገብበት ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ግን «ብዙም የማያሰጋ» ብሎ ጽፏታል፤ ይህም ለአፍሪካ ያለው ንቀት ነው። ጥፋተኞቹ ማገዶ ተሸካሚዎችና ከሰል አክሳዮች ናቸው። መፍትሔው ተራራውን አጥሮ ችግኝ መትከል፣ ከዚያም የወፏ ደረጃ እንዲቀየር ፊርማ ማሰባሰብ ነው።

«በወሎ ብቻ» ከሚለው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ነጭ ጀርባዋ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ናት። ከስምጥ ሸለቆው ወዲህም ወዲያም አለች። ደብረ ሊባኖስ ገዳም ዙሪያ ያሉትን ዛፎች አንጋጦ ያየ ሰው ያገኛታል። ባሌ ውስጥ ዲንሾ ላይ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት የጽድና የኮሶ ዛፍ መሐል ትታያለች። ወንዶ ገነት አለች። መናገሻ ሱባም አለች። የሳይንስ ስም የወጣላት በ1843 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያወጣላት ፈረንሳዊው ገሬን ሜንቪል ነው። አዲስ የተገኘች ምስጢር አይደለችም።

እንዲህ ያለ ስህተት ግን ባለሙያም ይሠራል። አንኮበር አካባቢ ባለው ገደል አፋፍ የምትኖር፣ በስሙም የምትጠራ ሌላ ትንሽ ወፍ አለች። የታወቀችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን አሽ በሳይንስ ስም መዘገባት። ለዓመታት ከዚያች ጠባብ አፋፍ ውጭ የለችም ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ስሜን ተራሮች ላይ ተገኘች። «እዚህ ብቻ ናት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «እዚህ ብቻ ፈልገናል» ነው። ለጸሐፊው ግን ግማሹን እውነት ልስጣቸው፦ ነጭ ጀርባዋ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለችም። የወሎ ብቻ ካልሆነች አንወዳትም እንዴ?

ወደ ደኑ እንምጣ። ረዘም የምለው እዚህ ላይ ነው።

ከ40 በመቶ ወደ 3 በመቶ የሚለውን ሁላችንም ተማሪ ሳለን ሰምተነዋል። አንዳንዱ 4 ይለዋል፣ ሌላው 2 ነጥብ ምናምን። የመጨረሻው ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል፤ 40ው ግን ንቅንቅ አይልም። ማን ለካው? መቼ? በምን? ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጠይቆ ነበር። የደረሰበትም ቁጥሩ ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተቀዳ የመጣ እንጂ በልኬት ላይ የቆመ እንዳልሆነ ነው።

ለእኛ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ሥራ አለ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ1937 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶዎች አገኘ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ፎቶዎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች እየፈለገ፣ እዚያው ቆሞ እንደገና አነሳቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። በጥቅሉ ዛፍ የበዛው በአዲሶቹ ፎቶዎች ላይ ነው። በጣሊያን ጊዜ ብዙው ተራራ ራቁቱን ነበር።

ይህ ማለት የወሎ ደን አልተነካም ማለት አይደለም። ተነክቷል፣ በደንብ ተነክቷል። ግን ጸሐፊው እንደሚሉት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ድንገት የጠፋ ነገር የለም። ወሎ በጣም ረጅም ጊዜ የታረሰ አገር ነው። አያቶቻችን ሞፈርና ቀንበር የሚሆን እንጨት ፍለጋ ሩቅ ይሄዱ ነበር። ነጭ ጀርባዋ ደግሞ ያንን ሁሉ ዘመን ተሻግራ መጥታለች።

እንዴት ተሻገረች? ጥቅጥቅ ያለ ደን ካልሆነ አልኖርም የምትል ወፍ ስላልሆነች ነው። የደን ዳር ትወዳለች። የወንዝ ዳር ጥሻ፣ ወይራና ጽድ የተቀላቀለበት ገደላ ገደል፣ የኮሶና የአስታ ዛፍ ያለበት ከፍታ ይስማማታል። ቦታው ከ1,800 እስከ 3,500 ሜትር ገደማ ያለው ደጋ ነው። በወሎ እንዲህ ያለው ቦታ ሰፊ አይደለም፤ ግን ተበታትኖ አለ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አለ። መስጊድ ግቢ፣ የወልይ መቃብር ዙሪያ አለ። ወሎዬ በሃይማኖት ቢለያይም የመቃብር ዛፍ መቁረጥን በመፍራት አንድ ነው። በሬ ጠምዶ የማይገባበት ሸንተረር ላይ አለ። ቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ጫካ ደግሞ ከሁሉም ሰፋ ያለ ነው።

ታዲያ ጸሐፊው ለመደንገጥ ምንም ምክንያት አልነበራቸውም? ነበራቸው። ግን የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር ነው። በክረሚ ፎቶዎች ላይ የጨመረው ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከደሴ ቀና ብሎ የጦሳን ተራራ የሚያይ ሰው ይህን ለመረዳት ፎቶ አያስፈልገውም። ዛፉ አለ፤ ለነጭ ጀርባዋ ግን ጓዳው ባዶ ነው። የእሷ ቤተሰብ ወፎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ፣ አንዳንዴም ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለው ነፍሳትን ይለቅማሉ። ጫጩት የሚያሳድጉት በዋናነት በአባጨጓሬ ነው። ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ የእኛ አገር ነፍሳት ቅጠሉን ብዙም አይደፍሩትም። እንቁላል የሚጥሉት ደግሞ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ ጣውላና አጣና ለመሆን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ይቆረጣል። ቀዳዳ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ አይደርስም። ቀዳዳ ያለው ያረጀ ወይራ፣ ያረጀ ኮሶ፣ ያረጀ ጽድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወሎ ውስጥ ባለው የቃሉ ወረዳ ላይ የ1958ን እና የ1986ን እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶዎች ያነጻጸረ ጥናት ቁጥቋጦው ክፉኛ መቀነሱን፣ ገላጣው መሬትና መኖሪያው መጨመሩን አሳይቷል። እርግጥ የቃሉ ወረዳ በአብዛኛው ከደጋው ዝቅ ያለ ነው። ግን ሂደቱ ሁሉም ዘንድ ይታወቃል። ቁጥቋጦ ሲጠፋ የሚያለቅስለት የለም፤ ማንም ደን ብሎ አይቆጥረውም። አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ ሲመነጠር «መሬት ጸዳ» ይባላል። ለወፏ ግን ያ ጥሻ ከአንዱ ቅጥር ወደ ሌላው መሻገሪያዋ ነው። ስለዚህ ዛፍ አለቀ ብሎ ማልቀስ ነገሩን ያሳስታል። ዛፉ በዝቷል፤ ያጣነው ዓይነቱን፣ ዕድሜውንና በመሐል ያለውን ጥሻ ነው።

«ሄጄ አላየሁም» ለሚለው ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው ከምሳ በኋላ ወደ የጎፍ ወጥተው ማታ እንደተመለሱ ጽፈዋል። ትንንሽ ወፎች የሚንቀሳቀሱትና የሚጮኹት በአብዛኛው በማለዳ ነው። ከቀትር በኋላ ጫካው ዝም ይላል። ነጭ ጀርባዋ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ወይም ጥቂት ሆና በዛፍ አናት መሐል የምታልፍ ናት፤ እንደ ቁራ ጣሪያ ላይ ቆማ አትጠብቅም። የጎፍ ደን ውስጥ ደግሞ የተተከለ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍም አለ፤ ዱካው የሚወስደው በየትኛው በኩል እንደሆነ ጽሑፉ አይነግረንም።

ዓይን እንዴት እንደሚያታልል ማየት ለሚፈልግ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ቄራ አካባቢ ግንብ ላይ ተደርድረው የምናያቸው ጥንብ አንሳዎች አሉ አይደል? ማንም «ሊጠፉ ነው» ብሎ ቴሌግራም ላይ አያለቅስላቸውም። በየቀኑ እናያቸዋለና። ቀይ መዝገብ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ከእነሱ መሐል በርካታ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ «በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበ» ወደሚለው ደረጃ አወጣቸው። በአፍሪካ በመርዝና በሌላም ምክንያት በፍጥነት እያለቁ ነው። በየቀኑ የምናየው ወፍ አደጋ ላይ ነው፤ ያጣናት ወፍ ደህና ናት። ስለዚህ «አየሁ፣ አላየሁም» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ቀይ መዝገቡ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ ብሏል። «ብዙም የማያሰጋ» የሚለውን «ብትጠፋም አያሳስበንም» ብለው ነው ያነበቡት። መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም። የሚመዝነው አንድ ዝርያ በጠቅላላው የመጥፋት አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ነው። መስፈርቱም ለሁሉም አገር አንድ ነው። አንድ ወፍ ከአደጋ ደረጃዎቹ የመጀመሪያው ላይ ለመግባት ለምሳሌ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ ቁጥሯ ቢያንስ በ30 በመቶ መቀነስ አለበት። ወይም የምትገኝበት ክልል ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ፣ የተቆራረጠና እየጠበበ የሚሄድ መሆን አለበት። ወይም ለመራባት የደረሱት ከ10,000 አንሰው ቁጥሩም እየቀነሰ መሆን አለበት። ከኤርትራ ደጋ እስከ ባሌ የተዘረጋች ወፍ በክልል ስፋት ከመስመሩ ብዙ ርቃ ነው ያለችው። የተቀሩትን መስፈርቶች ለማሟላቷ ማስረጃ ያቀረበ የለም፤ ጸሐፊውም አላቀረቡም።

ንቀት ነው የሚለው ደግሞ ከዚያው መዝገብ ጋር ይጋጫል። ቀይ ቀበሮን ተመልከቱ። በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ወሎ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ ላይና ቦረና ሳይንት ላይ ጥቂት ጥቂት ቀርተዋል። መዝገቡ ይህን እንስሳ «ለመጥፋት የተቃረበ» ብሎ ነው ያሰፈረው። አፍሪካን የሚንቅ መዝገብ ቢሆን ቀበሮውንም ይንቀው ነበር። እንዲያውም እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፦ አገር ሙሉ ለነጭ ጀርባዋ ሲያለቅስ፣ ከመንደር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ የሚጋባበትን ቀበሮ ያስታወሰ ሰው አላየሁም። የሰው ሐዘን እንደ ገንዘብ ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሱት ለሌላው አይተርፍም።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር አለ። የነጭ ጀርባዋ ብዛት በዓለም ደረጃ ተቆጥሮ አያውቅም። «ብዙም የማያሰጋ» የሚለው በቆጠራ ሳይሆን በስርጭቷ ስፋትና ባለው መረጃ ላይ የቆመ ነው። ደግሞም ደረጃው የዝርያው እንጂ የቦታ አይደለም። ባሌ ላይ ደህና ሆና አንድ የወሎ ሸንተረር ላይ ልትጠፋ ትችላለች። ጸሐፊው «ከእኛ ቀበሌ ጠፍታለች» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር። «ከዓለም ልትጠፋ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ማገዶ ተሸካሚዎቹ ላይ የተጻፈው አንቀጽ ደግሞ ቅር አሰኝቶኛል። ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች ጀርባ ላይ ያለውን ሸክም ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። እንግዲህ ባሕር ዛፍን ለወፏ አይሆንም ብዬ ወቅሼዋለሁ፤ ውለታውን ግን መካድ አልችልም። ያ ሁሉ ምጣድ የሚጣድበት፣ ያ ሁሉ ቤት የሚማገርበት ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ፣ በየቅጥሩ የቀረው ጽድና ወይራ እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር? አይመስለኝም። እነዚያ እናቶች የባሕር ዛፍ ቅጠል በተሸከሙ ቁጥር ወይራውን እያተረፉት ነው። ጥፋተኛ ብሎ ስም ከማውጣት በፊት ሸክሙን ማየት ጥሩ ነበር።

የከሰሉን ነገር ግን እቀበላለሁ። ጥሩ ከሰል የሚወጣው ከጠንካራ አገር በቀል እንጨት ነው። ከሰል አክሳዩ ደግሞ ያረጀውንና የደረቀውን ግንድ ይመርጣል። ወፏ የምትፈልገውም ያንኑ ቀዳዳ ያለውን ሽማግሌ ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ግን ከሰሉን የሚገዛው ማን ነው? ቡና የምናፈላበት እኛው ከተሜዎቹ ነን። ጽሑፉ ስለ ገዢው አንድ መስመር የለውም።

የቀረው መፍትሔ የተባለው ነው። አጥር ላይ በከፊል እስማማለሁ። ከብት እንዳይገባ የተከለለ ሸንተረር ሳይተከልም በራሱ ያገግማል፤ መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ ያ ማንም የማይፈልገው ጥሻ ነው። ለነጭ ጀርባዋ ደስ የሚል ዜና ነው። ችግሩ አጥሩ የማን እንደሆነ ነው። ወሎ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በፊትም በኋላም በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከልሏል፣ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። ገበሬው ግን የመንግሥት ነው ብሎ ነበር የሚያየው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያ ደን በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ማገዶነትና ወደ ቤት እንጨትነት ተለወጠ። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያኑና የመቃብሩ ዛፍ በዚያው ግርግር መሐል ቆሞ ቀረ። ጠባቂ ቀጥሮ አልነበረም። ሰዉ የእኔ ብሎ ስለሚያየው ነው። ሣሩን ማጨድ፣ ማሩን መቁረጥ፣ የደረቀ ጭራሮ መልቀም የተፈቀደለት ገበሬ ለአጥሩ ዘብ ይቆማል። ያልተፈቀደለት ቀን ይጠብቃል።

ችግኝን በተመለከተ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የምን ችግኝ? ጽሑፉ «በአረንጓዴ መሸፈን» ብቻ ነው የሚለው። በየክረምቱ የሚተከለው በአብዛኛው ቶሎ የሚደርሰው ከሆነ፣ ጦሳን ሌላ ቦታ ላይ ደገምነው ማለት ነው። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ኮሶም እንዲሁ። ለሪፖርት አይመችም። ግን አሁን የቆመውን ያረጀ ወይራ ለማቆየት ችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም፤ አለመቁረጥ ይበቃል። ጸሐፊው ስለ መትከል አምስት አንቀጽ ጽፈው ስለ አለመቁረጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጻፋቸው ገርሞኛል።

በመጨረሻ የፊርማው ነገር። የቀይ መዝገብ ደረጃ በፊርማ ብዛት አይቀየርም። ወፎችን ለመዝገቡ የሚገመግመው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል ነው፤ ግምገማው በየጊዜው ይከለሳል፣ አዲስ መረጃ ሲመጣ ደረጃው ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። አገር ውስጥ ደግሞ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። ፊርማ ለማሰባሰብ የተዘጋጁት ወጣቶች ሰፈራቸው አጠገብ ያለ አንድ ቅጥር ይምረጡ። በማለዳ ይሂዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያዩትን ብዛት ይጻፉ። ያላዩ ቀንም «አላየንም» ብለው ይጻፉ፤ እሱም መረጃ ነው። በየወሩ ይመላለሱ፣ ለዓመታት። ያን ጊዜ ቁጥሩ በእርግጥ እየወረደ ከሆነ ይታያል፤ እኔም ከጸሐፊው ጎን እሰለፋለሁ። የመጀመሪያውን ማስታወሻ ከየጎፍ ሊጀምሩት ይችላሉ። ከምሳ በፊት ብቻ ይሁን።